ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ስም የወጣላት ጀልባ፦ የአንድ ምርቃት የጉዳይ ጥናት

ጀልባዋ 8.5 ሜትር ትረዝማለች፤ ወርዷ 2.4 ሜትር ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተበየደች ስትሆን ከነሞተሯ ሁለት ቶን ገደማ ትመዝናለች። የተሠራችው መሃል አዲስ አበባ፣ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ጀርባ፣ በአዘቦቱ የግቢ በርና የውኃ ታንከር በሚበየድበት ወርክሾፕ ነው። ሥራዋ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከባቱ ወደ ደሴቶቹ ሰውና ዕቃ ማመላለስ ነው። ባለቤቶቿ ሦስት ሸሪኮች ናቸው፤ ሁለቱ ክርስቲያኖች፣ አንዱ ሙስሊም። ሦስቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ ጀልባዋ እንደ ትልልቆቹ መርከቦች ጠርሙስ ተሰብሮላት፣ ስም ወጥቶላት ትመረቅ።

ሐሳቡ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ መርከቦች ከ«ንግሥተ ሳባ» ጀምሮ ስማቸው ሲወጣ የኖረው ባሕር በማያይ ከተማ ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ ቢሮም ለገሃር ነው። «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ እስከ ጣና በየብስ ስትጓዝ አገሩ ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀብሏታል። አዲስ መኪና ገዝቶ ካህን ሳይጠራ ወይም በግ ሳያርድ የማይነዳ ሰውም በየሰፈሩ አለ። አስቸጋሪው ሐሳቡን ወደ ሥራ መለወጡ ነበር።

ስም እዚህ፣ ውኃ እዚያ

የመጀመሪያው ዕቅድ ሁሉንም ባቱ ላይ ማድረግ ነበር፦ እንግዶችን በአውቶቡስ መውሰድ፣ ሐይቁ ዳር ጠርሙሱን መስበር፣ ወዲያው ጀልባዋን ወደ ውኃ መልቀቅ። ይህ የቀረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ሽማግሌዎቹ፣ ካህኑ፣ ሼሁ፣ የዕቁቡ አባላት ሁሉ የሚኖሩት መርካቶና ልደታ ዙሪያ ነው። ሁለተኛውና ክብደት የሚሰጠው አደጋው ነው።

ጀልባ ወደ ውኃ የሚገባበት ቅጽበት ሕዝብ አጠገቡ ሊቆም ከማይገባባቸው ቅጽበቶች አንዱ ነው። በሰኔ 1898 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ ብላክዎል በተባለው የቴምዝ ወንዝ ዳርቻ፣ «አልቢየን» የተባለችው የጦር መርከብ ስትመረቅ ጠርሙሱ በተደጋጋሚ አልሰበር አለ። ያን ቀን ሰው የገደለው ግን የጠርሙሱ እምቢታ አልነበረም። መርከቧ ውኃ ውስጥ ስትገባ የተነሣው ማዕበል ተመልካች የተጨናነቀበትን የእንጨት መተላለፊያ ጠራርጎ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ዛሬ ትልልቆቹ የመርከብ ፋብሪካዎች ስም ማውጣቱንና ወደ ውኃ መልቀቁን የሚለያዩት በከንቱ አይደለም። የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ «ኩዊን ኤልዛቤት» ስኮትላንድ ውስጥ ሮሳይዝ ላይ ስሟ የወጣው ሐምሌ 4 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተሰበረው የቦውሞር ዊስኪ ጠርሙስ ነበር። ከተሠራችበት የመርከብ መሥሪያ ገንዳ ተንሳፍፋ የወጣችው ግን ከ13 ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ ተወሰነ፦ ስሙ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ይወጣል፤ ውኃው ያለ እንግዳ፣ በሥራ ቀን ይሆናል።

ቀኑም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ሸሪኮቹ መጀመሪያ የመረጡት ጥር 10ን፣ ከተራን ነበር፤ ታቦት ወደ ውኃ በሚወርድበት ዕለት ጀልባ መመረቅ መልካም ገጠመኝ መስሏቸው። ሐሳቡ ያምራል፤ አይሠራም። በከተራ ካህን አይገኝም፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቀኑ ገሀድ ስለሆነ በግም አይታረድም። ቀጥሎ አንድ ዓርብ ተያዘ፤ እሱም በጾሙ ምክንያት ቀረ። በመጨረሻ የጥር ወር መገባደጃ ቅዳሜ ላይ ረጋ። ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ላሜራ ከመግዛቱ በፊት የግድግዳ ካሌንደር ቢገዛ ይሻለዋል።

እምቢ ማለት የሚችል ሰው

ስም የሚያወጣው ማን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ የቀረቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በቪዲዮ ጥሩ ይታያል የተባለ ታዋቂ ሰው፣ አንዱ ብድር ያጸደቀ የባንክ ኃላፊ፣ ሦስተኛዋ መርካቶ እህል በረንዳ የሚነግዱና የሸሪኮቹን ዕቁብ በዳኝነት ያስተዳደሩ እናት። ሞተሩ የተገዛው በዚያ ዕቁብ ዕጣ ነው።

በትልቁ ዓለም የዚህ ሰው ማንነት ብዙ ተለዋውጧል። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሹም ወይም መስፍን ነበር፤ ከከበረ ጽዋ ወይን ይጠጣል፣ የቀረውን መርከቧ ላይ ያፈሳል፣ ጽዋውን ወደ ባሕር ይጥላል። ጽዋው ውድ እየሆነ ሲመጣ ጠርሙስ ተተካ። ሴቶች በሰፊው የገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ዛሬ ስም አውጪዋ አንድ ቀን ታይታ የምትጠፋ እንግዳ አይደለችም፤ የስሟ መነሻ ፊደላት መርከቧ መሠራት ስትጀምር በአንድ ብረት ላይ ይበየዳሉ፣ መርከቧ አገልግሎት እስክታቆም ድረስ ከመርከበኞቹ ጋር ትጠያየቃለች።

እዚህ ላይ የእኛ ክርስትና እናት ከማንም ይልቅ ለቦታው ትቀርባለች። ክርስትና እናት ልጁ ሲታመም የምትጠራ፣ ሲያጠፋ የምትቆጣ ናት። ሸሪኮቹም ይህን ሲያስቡ ታዋቂውን ሰው ተዉት። የዕቁቡ ዳኛ እሺ ከማለታቸው በፊት ወርክሾፑ ድረስ መጡ። ጀልባዋን ዞረው ካዩ በኋላ የጠየቁት ስለ ልብስም ስለ ፕሮግራምም አልነበረም።

«ስንት ሰው ትይዛለች?»

«ሃያ፣ እማማ።»

«የሚለበሰው ተንሳፋፊ ጃኬትስ?»

«ለጊዜው ስምንት አለን፤ ሌላው ሥራ ስንጀምር ቀስ እያልን…»

«እንግዲያው እኔም ቀስ እላለሁ፣ ልጄ። ሃያ ሲሞላ ጥሩኝ።»

ቀኑ ለሁለተኛ ጊዜ የተገፋው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጃኬቶቹ ተገዝተው ሃያ ሲሞሉ መጥተው አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ የሁለቱ ማሰሪያ የተቀደደ ስለነበር አስመለሷቸው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ለጀልባዋ ዕድል የሚበጅ ነገር ካለ ይኸው ነው። ታዋቂ ሰው ተከፍሎት ይመጣል፣ የባንክ ኃላፊ ተጋብዞ ይመጣል፤ ሁለቱም የታዘዙትን አድርገው ይሄዳሉ። ስም አውጪ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሰው እኛን እምቢ ማለት ይችላል ወይ?» ተብሎ ነው።

ካህኑም በበኩላቸው ወሰን አበጁ። ጥምቀት ለሰው ልጅ እንጂ ለብረት እንደማይሆን ተናገሩ፤ ጸሎት አድርሰው፣ ጸበል ረጭተው እንደሚባርኩ፣ ስሙንና ጠርሙሱን ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ካህኑ ጨርሰው ከቆሙበት ዞር ካሉ በኋላ እንዲፈጽሙት። ሼሁም ዱዓ ለማድረግ ተመሳሳይ ነገር ጠየቁ፦ አስካሪ መጠጥ ባለበት እንዳይቆሙ።

ጠርሙሱ

የሼሁ ጥያቄ ሻምፓኙን አስቀረው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ «ኬንተኪ» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በ1898 እ.ኤ.አ. የተመረቀችው በምንጭ ውኃ ነው፤ መጠጥ በሕግ በታገደበት ዘመንም የአሜሪካ መርከቦች በውኃና በጭማቂ ተመርቀዋል። እዚህ መልሱ ብርዝ ሆነ። በድግስ ላይ ጠጅ ለማይጠጣ ሁሉ የሚቀርብ ስለሆነ ማንንም አያስከፋም። ለ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 150 ግራም ማር በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ ይበቃል። ጌሾ አይገባበትም። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ብርዝ ያለ ጌሾም ቢሆን ከማሩ ጋር በሚመጣ እርሾ መፍላት ይጀምራል። ተከድኖ ቀናት ካደረ ክዳኑን ሊያስፈነጥር፣ የተጫረ ጠርሙስ ከሆነም በሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ዋዜማውን ማታ ተበጥብጦ፣ ጧት ወደ ጠርሙሱ ተገለበጠ።

የጠርሙሱ ምርጫ ግን ብዙ አከራክሯል። መጀመሪያ የተሞከረው የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ነው፤ በየሱቁ አለና። ተመላሽ ጠርሙስ ደግሞ ታጥቦ ብዙ ጊዜ እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው። ላሜራው ላይ ነጥሮ ተመለሰ፤ ቀለሙን ብቻ ላጠ። ቀጥሎ ባዶ የሻምፓኝ ጠርሙስ ብርዝ ተሞልቶ ተሞከረ፤ እሱ ባሰ። የሻምፓኝ ጠርሙስ በውስጡ የመኪና ጎማ ከሚይዘው ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ግፊት፣ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር፣ እንዲችል የተሠራ ነው፤ ባዶውን 800 ወይም 900 ግራም ይመዝናል። መርከብ ላይ ሲመታ የሚፈነዳው ያ ግፊት ከውስጥ መስታወቱን ወጥሮ ስለሚይዘው ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ ግፊቱ ራሱ ሥራውን ይጨርሳል። ግፊት የሌለው ብርዝ ሲሞላበት ግን ውፍረቱ ብቻ ይቀራል። የሠራው ተራ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ የጉደር፣ ነው፤ ክብደቱም ውፍረቱም የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሽፋን ወረቀቱ ተነሥቶ በሙቅ ውኃ በደንብ ታጠበ።

ቀጭን ጠርሙስም ብቻውን አይበቃም። መስታወት ቤት ያሉ ሠራተኞች አልማዝ በሚሉት መቁረጫ በሚመታው ጎን ላይ ከትከሻው እስከ ወገቡ አራት መስመር ተጫረ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ ብቻ ይጫራል፤ ደግሞ መሄድ ጫፉን ከመሸራረፍ በቀር አይጠቅምም። አንገቱ አይነካም፤ ገመዱ የሚይዘው እሱን ነውና። መጫሩም በዕለቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ተጭሮ በመኪና የመጣ ጠርሙስ መንገድ ላይ ሊለቅ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የሚመታበት ቦታ ነው። የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ድጋፍ በሌለበት ቦታ ሲመታ እንደ ከበሮ ይረግባል፤ ምቱን ይውጠዋል። በጀልባዋ አፍንጫ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘን ብረት ስለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ተበየደ። ይህ ከቀለም በፊት መደረግ ነበረበት። ተረስቶ ከቀለም በኋላ ስለተበየደ ዙሪያው ተቃጠለ፣ ተፍቆ እንደገና አንቲራስትና ሁለት እጅ ቀለም በላ።

ጠርሙሱ በእጅ አይወረወርም። የሰባ ዓመት እናት ትከሻ ጠርሙስ ለመስበር በቂ ፍጥነት አይሰጥም፤ ደግሞም ወርዋሪ ይስታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንዲት እመቤት ስተው ተመልካች ስለመቱ ነው እንግሊዞች ጠርሙሱን በገመድ ማሰር የጀመሩት ይባላል። እዚህም ከአፍንጫው በላይ ቧንቧ ተተክሎ ከጫፉ 2 ሜትር ገመድ ወረደ። ጠርሙሱ ሳይነካ ሲንጠለጠል ጎኑ ብረቱን በቀላሉ ተደግፎ መቆም አለበት። ማንጠልጠያው ወደ ፊት ከወጣ ጠርሙሱ አይደርስም፤ ወደ ኋላ ከገባ ገና ፍጥነት ሳይሰበስብ ይመታል። ወደ ኋላ ተጎትቶ በግማሽ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ነጠረ። በ1 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ፣ ማለትም ገመዱ 60 ዲግሪ ሲያጋድል፣ በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ፍጥነት ይዞ ተፈረካከሰ።

ስብርባሪው እንዳይበተን ጠርሙሱ በሽንኩርት መያዣ መረብ ድርብ ተጠቅልሎ አንገቱም ቂጡም ታሰረ። አንገቱን ብቻ በሲባጎ ማሰር አይበቃም፤ ብርዝ ሲነካው ይንሸራተታል። መረቡም ከመጠን በላይ መደረብ የለበትም፤ ሦስተኛ ድርብ ምቱን እንደ ትራስ ያለሰልሰዋል።

ቅዳሜ ጧት

ጀልባዋ የቆመችው በአራት የብረት ድጋፍና በግራ ቀኝ በአጣና ተደግፋ ነው። ዙሪያዋን በገመድ ከልለው ከፊት ለፊት 5 ሜትር ክፍት ተደረገ። ሕፃናት ወደ ውስጥ እንዳይወጡ መሰላሉ ተነሣ፤ ሁለት ቶን ብረት በድጋፍ ላይ ሲቆም አደገኛው ጠርሙሱ ሳይሆን አሥር ሰው በአንድ ወገን መንጠላጠሉ ነው።

ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ዱዓ ተደረገ፣ ቀጥሎ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩ። ድፎ ዳቦው በሽማግሌ ተቆረሰ፤ ፈንዲሻው ተበተነ። በጎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በክርስቲያን፣ አንዱ በሙስሊም እጅ የታረዱ፤ ድስቱም ትሪውም የተለየ። ከዘመዶች አንዱ አፍንጫዋ ደም ካልተቀባ ብሎ ነበር፤ ሠዓሊው ቀለሙ ገና ሦስት ቀኑ መሆኑን ተናግሮ አስተወው።

ስሙ የተሸፈነው በአቡጀዲ ነበር። ሲሳብ የብየዳ ፍንጣሪ ላይ ተያዘና ግማሹ ቀረ፤ አንድ ልጅ በረጅም አጣና አላቀቀው። ይህ በየምርቃቱ የሚደጋገም ነገር ነው። ጨርቁ ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ታስሮ፣ የሚያልፍበት ላሜራ በእጅ ተዳስሶ፣ ሸካራው ቢሞረድ ኖሮ አይያዝም ነበር።

ስም አውጪዋ በማይክራፎን ያሉት አጭር ነው፦ «ስምሽን ‹በሰላም ግቢ› ብዬሻለሁ። ይዘሽው የወጣሽውን ሁሉ በሰላም መልሰሽ አግቢ።» አሜን ተባለ። መቀሱን አንሥተው ጥብጣቡን ሊቆርጡ ሲሉ ፎቶ አንሺው ጠርሙሱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ገብቶ ተንበረከከ። መቀሱን አወረዱና እስኪወጣ ጠበቁ። ጥብጣቡ ለዓይን ነው፤ ጠርሙሱን ወደ ኋላ የያዘው በውስጡ የተሸሸገ ሲባጎ ነበር፤ የሐር ጥብጣብ ብቻውን ይለጠጣል፣ ከፍታውን ይቀንሳል። መቀሱም የልብስ ሰፊ ነው፤ ለጌጥ የሚሸጠው በወርቅ ቀለም የተቀባ መቀስ ሲባጎውን አልቆረጠም ነበር፣ በዋዜማው ሲሞከር።

ጠርሙሱ በመጀመሪያው ምት ተሰበረ። ባይሰበር ተብሎ ሁለተኛ የተጫረ ጠርሙስ ከጀልባዋ ጎን በባልዲ ውስጥ፣ አንድ ሠራተኛም መዶሻ ይዞ ከአፍንጫው ሥር ተዘጋጅተው ነበር። ይህ ዝግጅት ስለ ዕድል ከሚሰጋው ሰው ይልቅ ስለ ወሬ ለሚሰጋው ነው። በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ሳውዝሃምፕተን ላይ «ኩዊን ቪክቶሪያ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ስትመረቅ ጠርሙሱ አልሰበር ብሎ፣ በኋላ ተሳፋሪዎች ሆዳቸውን ሲታመሙ ጋዜጦች ሁለቱን አገናኝተው ጻፉ። ሌላዋ የመንገደኞች መርከብ «ኮስታ ኮንኮርዲያ» በ2012 እ.ኤ.አ. ከዐለት ተላትማ 32 ሰዎች ሲሞቱም ብዙ ሰው ያስታወሰው በ2006 ያልተሰበረውን ጠርሙስ ነው፤ መርከቧን ዐለቱ ላይ ያወጣት ግን ካፒቴኑ ወደ አንድ ደሴት አስጠግቶ መንዳቱ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ብርዙ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጠበ፤ ካልታጠበ ይጣበቃል፣ አቧራና ንብ ይሰበስባል። ለዚህም ሲባል ከታች ያለው የውኃ ማፍሰሻ ታፖ ተፈታ። ወደዚህ ታፖ በኋላ እንመለሳለን።

ባቱ

ከባድ መኪና ቀን ቀን መሃል ከተማ ስለማይገባ ሎቤዱ፣ ወለሉ ዝቅ ያለው ተጎታች፣ የመጣው በሌሊት ነው። ጀልባዋ በክሪክና በክሬን ተጫነች፤ በአራት ማሰሪያ ቀበቶ ተጠፈረች፤ ቀበቶው ብረቱን በሚነካበት ሁሉ የጎማ ቁራጭ ተደረገ። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲነጋ ደረሱ።

ዝዋይ ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳርቻው ጭቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያበዛል። ስለዚህ ወደ ውኃ የመግባቱ ሥራ ጧት በእርጋታው ጊዜ ተያዘ፤ ተጎታቹ እንዳይሰምጥም ሁለት ረድፍ ጣውላ ተነጠፈ።

ጀልባዋ ከመለቀቋ በፊት የሚነበብ ዝርዝር ነበር፤ ስም አውጪዋ በስልክ ሆነው አንድ በአንድ እንዲነበብላቸው አዘው ነበር። «ታፖ» ሲባል ዝምታ ሆነ። ታፖው ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ በብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ቀርቷል። ባቱ ገበያ ውስጥ ልኩ የሆነ ስላልተገኘ፣ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው የቧንቧ መዝጊያ በቴፍሎን ክር ተጠምጥሞ ገባ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲፈታ እዚያው በሽቦ ታስሮ ቢንጠለጠል ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር፤ አሁን በሽቦ ታስሯል።

ቀጥሎ የጭነት ሙከራ ተደረገ። 30 ኬሻ አሸዋ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ በ20 ሰው ክብደት ልክ ተጫነ። በዚህች ጀልባ ስፋት ለየ150 ኪሎው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሰምጣለች፤ 62 ሴንቲ ሜትር የነበረው የጎኗ ከፍታ ወደ 52 ወረደ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው ዓሣ ለማየት ወደ አንድ ወገን ቢሄድ ተብሎ ሁለት ሦስተኛው ኬሻ ወደ ግራ ተወሰደ፤ የግራው ጎን ከውኃው 31 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። ሠሪው ከ35 በታች እንዳይወርድ ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። 6 ኬሻ ወረደና እንደገና ተሞከረ፤ 37 ሆነ።

በዚህ መሠረት የጀልባዋ አቅም ወደ 16 ሰው ዝቅ ብሎ ቁጥሩ በሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በመሪው አጠገብ ተበየደ፤ ከሥሩ የስም አውጪዋ መነሻ ፊደላት አሉ። አንደኛው ሸሪክ በአራት ሰው ቅናሽ የሚቀርበትን ገቢ እያሰላ ቅር ብሎት ነበር፤ እሳቸው ግን በስልክ ቁጥሩ እንዳይነካ አስጠነቀቁት። ከሃያው ጃኬት ትርፍ የሆኑት አራቱ በሕፃናት ልክ እንዲለወጡም አዘዙ፤ የመርካቶው ሱቅ ልዩነቱን አስከፍሎ ለወጣቸው።